ያላለቀው ዳጉ

ሁለት ወንድማማቾች ከአሰብ ወደ ምጽዋ ባሕሩን ታክከው ሲጓዙ፣ አባታቸው የተዉላቸው የጭነት መኪና የማን ነው በሚል የጀመሩት ጠብ ገነፈለ። ታናሽየው ታላቅ ወንድሙን ተኪኤን ከጋቢናው ጎትቶ አወረደና በክሪኩ ብረት አናቱን አለው። ደሙ አሸዋው ላይ ሲፈስ አይቶ፣ ሞቷል ብሎ ጥሎት ነዳ።

ብዙም አልራቀ፤ ጎማው አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። በማግስቱ በውሃ ጥም ምላሱ ደርቆ መኪናው ሥር ተጋድሞ ሳለ፣ አንድ የአፋር ሽማግሌ ግመል እየሳቡ ደረሱ። ከጀሪካናቸው አጠጡትና አጠገቡ ተቀመጡ። አፋር መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ሳይነግር፣ ሳይነገረውም አይለይም፤ ዳጉ ይሉታል።

"አንተ ጀምር ልጄ። በመጣህበት ምን አየህ?"

"ምንም አላየሁ አባቴ። ብቻዬን ነው የመጣሁት፤ መንገዱ ሰላም ነው።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ተራው የሳቸው ሆነ።

"ከተራራው ሥር ዘንቧል። የጎረቤቴ ግመል ወልዳለች። ትናንት ደግሞ አናቱ የተፈነከተ ሰው እየዳኸ ሰፈራችን ደረሰ። ማን መታህ ብንለው..."

የክሪኩ ብረት አጠገቡ ነበር። አንስቶ ደጋግሞ አሳረፈባቸው።

ሽማግሌው በጀርባቸው ተዘረሩ። ደም በአፋቸው እየወጣ፣ ዓይናቸውን ከሱ ሳይነቅሉ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። የተጀመረ ዳጉ ሳያልቅ አይተውም።

"...ከመኪና ወድቄ ነው አለን። ወንድሜ ከፊት አለ፣ ውሃ አልያዘም፣ ድረሱለት ብሎ ለመነን።"