አልተኛ ያለው ቁጥር

የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ዲላ የደረሰው በ2003 ዓ.ም.፣ የቡና ለቀማው በተጋጋለበት በኅዳር ወር ነበር። የመዳፍ ያህል ነው። በሚዛን ሥር ካለው ብረት የምትመጣውን ኢምንት ኤሌክትሪክ ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ያውም በሃያ አራት ቢት ጥራት፣ አንዲት የቡና ፍሬ ብትጨመር እንኳ እስኪያውቅ ድረስ። ራዲዮ ጠጋኙ ታረቀኝ ሁለት ዓመት ለለፋበት የእሸት ቡና ሚዛን የቀረው ይህ ብቻ ነበር።

ለባንኮ ጎቲቲ ገበሬዎች ሚዛኑን የሚያሳይበት ቀን ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቷል። ከወደዱት ይቀበሉታል፤ ካልወደዱት ደመላሽ የሚባል ነጋዴ ከውጭ የሚያስመጣውን ሚዛን ይወስዳሉ። ሌላ ዕድል የለም።

የሚሠራበትን ክፍል የሰጠው አብሮ አደጉ ሙሐሲን ነው፤ ከመለዋወጫ ሱቁ ጀርባ ያለችውን። ኪራይ አልጠየቀም። ለሥራው ብሎ አዲስ ሲም ካርድ ሳይቀር ገዛለት፤ ታረቀኝ ቁጥሩን ገና ለሌላ ሰው አልሰጠም። ለገበሬዎቹ ማኅበር ባስገቡት ማመልከቻ ላይም የሁለቱም ስም ሰፍሯል። ሱቁ ውስጥ ራዲዮ ሲያወራ ይውላል። ራዲዮው ጠርር ሲል ሙሐሲን ከጎኑ ያለውን ስልክ ገና ሳይጮህ ያነሳዋል። ደንበኞቹ «አዋቂ» እያሉ ያሾፉበታል፤ ታረቀኝም አብሮ ይስቃል።

የኋላው ክፍል ቆርቆሮ በቆርቆሮ ስለሆነ ኔትወርክ የሚይዘው መስኮቱ ጋ ብቻ ነው። ታረቀኝ ስልኩን መስኮቱ ደፍ ላይ አኖረ፤ ጠረጴዛውን ብርሃን ወዳለበት አስጠጋና መመሪያውን ገለጠ። መመሪያው በመጀመሪያ የቦርዱን ሁለት መግቢያዎች በአጭር ሽቦ አገናኝ ይላል። ያኔ ላፕቶፑ ላይ የሚታየው ቁጥር ዜሮ አጠገብ ጸጥ ማለት አለበት። ሁለቱ ጓደኛሞች ይህን «መተኛት» ይሉታል። አገናኘው፤ ተኛ። የመጨረሻዎቹ አሃዞች ብቻ ይርገበገባሉ።

ሰባት ሰዓት ላይ ቁጥሩ ዘለለ።

ታረቀኝ ሽቦውን ሊነካ እጁን ሲዘረጋ ሙሐሲን ደወለ። ከሶላት ወጥቶ ወደ ሱቁ መጋዘን ገብቶ ነበር።

«ታሬ፣ ተኛልህ?»

ተኝቶ እንደነበር፣ አሁን ግን እንደዘለለ ነገረው። ሙሐሲን አይዞህ ብሎ ዘጋ።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ፤ በሦስተኛውም ቀን። ታረቀኝ ገመዱን ቀየረ፣ የምድር ሽቦውን ቀየረ፣ የዓይኑ ሽፋሽፍት እስኪነካው ድረስ ቦርዱን አጎንብሶ መረመረ። ሙሐሲን ሱቅ ውስጥ ካለ ቁጥሩ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል። ሙሐሲን ሲወጣ ይዘልላል፤ ከዚያ ስልክ ይመጣል፤ ተኛልህ? ይላል። የክፍሉ መብራት የሚመጣው ከመጋዘኑ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ደግሞ በሙሐሲን እጅ ነው። ታረቀኝ ይህን ላለማሰብ ብዙ ታገለ።

በስምንተኛው ቀን ታረቀኝ ሙሐሲንን ከደመላሽ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጦ አየው። ራስ ለራስ ገጥመው ያወራሉ።

ማታ ሲጠይቀው ሙሐሲን አልደበቀም። ለሚዛኑ የሚሆን ጥሩ ገመድ ዲላ ውስጥ ያለው ደመላሽ ጋ ብቻ ስለሆነ ሊለምነው እንደሄደ ነገረው።

«ከመጋዘን ሆነህ መብራቱን ትነካካለህ» አለ ታረቀኝ። «ከዚያ ዓይንህን በጨው ታጥበህ ‹ተኛልህ?› ትለኛለህ። ለደመላሽ ሸጥከኝ።»



«እኔ?» አለ ሙሐሲን።

ታረቀኝ ዕቃውን ሸክፎ ወጣ። ባዕድ ቢሆን ኖሮ ይችለው ነበር። አንድ ደብተር ተካፍለው የተማሩ ልጆች ናቸው፤ ሌሊቱን አልተኛም።

የሙከራው ቀን ባንኮ ጎቲቲ ወረደ። የቡና ማጠቢያው ያለበት ሸለቆ መብራትም ኔትወርክም የለውም። ቦርዱን ከላፕቶፑ ጋር በባትሪ አስነሳው። ቁጥሩ ተኛ። አንድ ሽማግሌ አንዲት ቀይ ፍሬ ሚዛኑ ላይ አኖሩ፤ ቁጥሩ ተነሣ። ሲያነሷት ተመልሶ ተኛ። ግማሽ ቀን ሙሉ አንዴም አልዘለለም። ገበሬዎቹ ተደነቁ። ታረቀኝ ግን ደስታው ጎደሎ ሆነበት፤ ከሙሐሲን መብራት ሲርቅ ሚዛኑ እንደዳነ በዓይኑ አይቷል።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ዘነበ ያ ጓደኛህስ ብለው ጠየቁት።

«ከድቶኛል» አለ። በሰው ሁሉ ፊት አንድም ሳያስቀር ተረከላቸው።

ለመፈራረም ጉብታው ላይ ወዳለው ጽሕፈት ቤት ወጡ። አቶ ዘነበ ማስመሪያ አስደግፈው በሙሐሲን ስም ላይ መስመር አሰመሩ፤ እስክሪብቶውንም ለታረቀኝ ሰጡት። ፈረመ። ጸሐፊዋ ሉሲ ሙከራውን ስላላየች እስቲ ለእኔም አሳየኝ አለችው። ታረቀኝ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ እንደ ልማዱ ከቦርዱ አጠገብ አኖረና ላፕቶፑን ከፈተ።

«ይኸው ተኛ» አላት።

ቁጥሩ ዘለለ።

ታረቀኝ የመብራቱን ገመድ በዓይኑ ፈለገ። ምንም አልተሰካም፤ የሱቁ ራዲዮ ጠርርታ ትዝ አለው።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ፤ ሙሐሲን ነበር።