የኦቦ ኢዶሳ አራተኛ ድምፅ

መቲ የኪቦርዱን የመጀመሪያ ቁልፍ ትጫናለች። ከስፒከሩ የሚወጣው ግን የኦቦ ኢዶሳ ማሲንቆ ነው። ባለቤታቸው አዴ ካሰች ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር ሰብስበው ይዘው፣ ዓይናቸውን ከመቲ ጣት ሳይነቅሉ ያዳምጣሉ።

ኦቦ ኢዶሳ ከማረፋቸው ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እዚሁ ጌዶ፣ በአጥቢያቸው የመዘምራን ክፍል ውስጥ፣ የመዘምራኑ ኪቦርድ መቺ መቲ የማሲንቋቸውን ድምፆች አንድ በአንድ ቀድታለች። አዴ ካሰች ቀረጻው ኪቦርድ ላይ እንዲጫን የፈቀዱት በአንድ ቃል ኪዳን ነው፤ ባላቸው ያልመቱት ነገር እንዳይጨመርበት። ከተጨመረ ሁሉም ይጠፋል። መቲም እሺ ብላለች።

ማሲንቆ አምስት ድምፅ አለው፤ አንዱ ያልተነካው ክር፣ አራቱ የአራት ጣቶች። ባኮ ላይ የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን የኦቦ ኢዶሳን የግራ እጅ የቀለበት ጣት ከወሰደ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። መዘምራኑም ያንን አንድ ድምፅ ዘለው መዘመር ለምደዋል። አምቦ ለጉባኤ ሲሄዱ፣ የጌዶ ሰዎች መሰላል ሲወጡ አንድ እርከን ይረሳሉ እየተባለ ይሳቅባቸዋል።

መቲ ጎዶሎ ነገር አትወድም። የመሃል ጣታቸውንና የትንሿን ጣት ድምፅ በኮምፒውተር ፈታትታ፣ የአንዱን ግማሽ ከሌላው ግማሽ አዋህዳ፣ የጎደለውን ትናንት ሠራችው። አሮጊቷ ካላወቁ ዝም ልትል፣ ካወቁ ልትናዘዝ ወስናለች።

አንድ። ሁለት። ሦስት። ከዚያ አራተኛውን፣ የቀለበት ጣታቸውን ድምፅ፣ ትጫናለች።

ድምፁ ለስለስ ብሎ ይወጣና መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ትናንት አልተንቀጠቀጠም ነበር። መቲ ስክሪኑን ታያለች፤ የድምፁ መስመር አሁንም ቀጥ ያለ ነው። ጆሮዋ የሚሰማው ግን ሌላ ነው።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?» ይላሉ አዴ ካሰች።

መቲ እንዴት እንደሠራችው፣ ኦቦ ኢዶሳ እንዳልመቱት፣ ቃሏንም እንዳፈረሰች ሳትደብቅ ትነግራቸዋለች። የቀኝ ጣቷን ከቁልፉ ሳታነሳ፣ በግራ እጇ ማውሱን ይዛ ልታጠፋው ትዘጋጃለች።

«አንቺ አልሠራሽውም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» ይሏታል በዝግታ። «ያ የተቆረጠው ጣቱ ልጅ ሳለ እሳት አግኝቶት ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲያጨኝ የመታልኝ እንዲህ አድርጎ ነው። ይሄን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።»

መቲ ቀረጻው ይጥፋ ወይስ ይቆይ ብላ ትጠይቃለች። አዴ ካሰች ማውሱን ከእጇ ይወስዱና ከጠረጴዛው ጥግ ያስቀምጡታል።

«ቁልፉን እንዳትለቂው።»

ከዚያ በቀስታ ማዜም ይጀምራሉ፤ መቲ ሰምታው የማታውቀውን ዜማ፣ አንድም እርከን ሳይዘሉ። የመቲ ጣት ከዚያች አንዲት ቁልፍ አልተነቃነቀም። ማሲንቆው ግን አሮጊቷን ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ትንፋሽ ሲወስዱም ቆም ብሎ ይጠብቃቸዋል።