የሞላው ጠርሙስ

ዶክተር ሂሜና የሽንቱን ጠርሙስ አንስታ ከቴሙኮ ከተማ ዝናብ በተረፈችው የመስኮት ብርሃን ስታየው እስከ አንገቱ ሞልቷል። የሽማግሌው የኤልዩቴሪዮ የሐሞት ቱቦ ሳይከፈት በፊት፣ ዕድሜያቸውንና የዓይናቸውን ቢጫነት አይታ፣ "ከቀዶ ጥገናው በኋላ ኩላሊታቸው ሥራ ያቆማል" ብላ የተነበየችው እሷ ነበረች። ትንበያዋ ፉርሽ ሲሆን እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

"እሰይ፣ እንኳን ተሳሳትኩ፣ እማማ!" አለች፣ ራስጌው አጠገብ ወደተቀመጡት ወደ ሚስታቸው ዞራ። "ደም የሚያጥበውን ማሽን እንመልሰዋለን።" አሮጊቷ ፈገግ እንኳ አላሉም። ጭናቸው ላይ የነበረውን ፔርሙዝ በሻላቸው ሸፈን አደረጉት። ያኔ ከያዘችው ጠርሙስ የወጣ ሽታ ሂሜና አፍንጫ ውስጥ ገባ። እናቷ ከምሳ በኋላ ሆዷ እንዲቀልላት የምታፈላላት የቦልዶ ቅጠል ሽታ ነበር፤ ጠርሙሱም ገና ትኩስ ነው። ብርድ ልብሱን ገለጥ ብታደርግ፣ የሽማግሌው እግር ያልወጣ ውሃ ይዞ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል።

"እማማ... ይሄ ሻይ ነው እንዴ?"

"ምን ላድርግ፣ ልጄ! ወንድሜን እዚያ ማሽን ላይ ሰክተውት በሕይወት አልተነሳልኝም።" አሮጊቷ ፔርሙዙን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። "ደግሞስ 'ጠርሙሱ ከሞላ ማሽኑ ይቀራል' ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

ሂሜና ማሽኑን ለማስጠራት ወደ በሩ ዞረች። አሮጊቷ ግን አልጨረሱም ነበር።

"የትናንቱንም የሞላሁት እኔው ነኝ" አሉ፣ ቀስ ብለው።