አትጻፈኝ

«ስምህ ማነው?» እላለሁ፤ የሥነ ልቦና መጽሐፌ መጀመሪያ ስም ጠይቅ ስለሚል።

«ዶላሞ» ይላሉ እትዬ አለምነሽ። ድምፁ የእሳቸው አይደለም፤ ገና በመጎርመስ ላይ ያለ ልጅ ድምፅ ነው።

የአከራዬ የጋሽ ሻንቆ ሚስት ናቸው። ዶላሞ አንድ ልጃቸው ነው። አምና ጂንካ ቅዳሜ ገበያ በቆሎ ሊሸጥ እንደወጣ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ፣ ስሙ መዝገብ ላይ ተጽፎ ተወሰደ፤ እስካሁን አንድም ደብዳቤ አልመጣም። ካለፈው ወር ጀምሮ እናቱ አልፎ አልፎ እሱን ይሆናሉ። በእሱ አረማመድ ይሄዳሉ፤ እንደ እሱ በግራ እጃቸው እንጨት ይፈልጣሉ። ወደ ራሳቸው ሲመለሱ ምንም አያስታውሱም።

የቤተ ክርስቲያናቸው ምእመናን ቤት ድረስ እየመጡ ጸልየውላቸዋል። ዛሬ ከቀትር በኋላ ግን ጋሽ ሻንቆ እጃቸውን ይዘው እኔ ክፍል አመጧቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከማስተማር ሥራዬ ጎን ለጎን ልብ ወለድ ለመጻፍ ስለማስብ የሥነ ልቦና መጻሕፍት አነባለሁ። በአንድ አካል ሁለት ሦስት ሰው ሆነው ስለሚኖሩ ሕሙማን ያነበብኩትን፣ ትናንት ምሳ ላይ ለጋሽ ሻንቆ እንደ አዋቂ ተርኬላቸው ነበር።

«ዕድሜህ ስንት ነው?»

«አሥራ ሰባት።»

ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። እጄ ይጣደፋል። እንዲህ ያለ ታሪክ በእግሩ ቤቴ ድረስ መጣልኝ ብዬ ደስ እንዳለኝ አልክድም።

እትዬ አለምነሽ እርሳሱን ሲያዩ ወደ ኋላቸው ሸሽተው ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ።

«አትጻፈኝ! ስሜን አትጻፍ!»

እርሳሱን አስቀምጣለሁ። ፊቴ እሳት ይሆናል።

«መጽሐፉ ምን ይላል?» ይላሉ ጋሽ ሻንቆ።

«ቶሎ አይሆንም እንጂ ይድናሉ። እያነጋገርናቸው ሌላኛው ቀስ በቀስ ይሄዳል፤ እትዬ ብቻቸውን ይቀራሉ።»

«ይሄዳል?»

«አዎ።»

«ከዚያ በኋላ አይመጣም?»

«አይመጣም።»

ጋሽ ሻንቆ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ።

«እንግዲያው ተወው፣ መምህር።»

ሚስታቸው ፊት ይንበረከካሉ። በአገራቸው ቋንቋ በአሪኛ ማውራት ይጀምራሉ። እኔ አሪኛ አልሰማም፤ የምለየው ዶላሞ የሚለውን ስም ብቻ ነው። ሰውዬው በዚህ ቤት በኖርኩባቸው ሁለት ዓመታት ይህን ያህል ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። የልጁ ድምፅ አጠር አጠር እያደረገ ይመልስላቸዋል፤ አንዴም ይስቃል። ጋሽ ሻንቆም አብረው ይስቃሉ፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል።

ድንገት የእትዬ አለምነሽ ትከሻ ይረግባል። ነጠላቸውን ይሰበስባሉ፤ ክፍሉን፣ አልጋዬን፣ ተንበርክከው ገና በአሪኛ የሚያወሩትን ባላቸውን በግራ መጋባት ያያሉ።

«መምህር፣ ሻንቆ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?» ይሉኛል፣ በራሳቸው ድምፅ።

ጋሽ ሻንቆ ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«ከእኔ ጋር» እላለሁ።

እትዬ አለምነሽ ትኩር ብለው ይመለከቱኛል።

«አንተ ደግሞ መቼ ነው አሪኛ የለመድከው?»