ቀዝቃዛ ውሃ

ድሬዳዋ ውስጥ ፀሐይ የግል መሆኗ ከቀረ ቆይቷል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ዋናው የመብራት መስመር የየጣሪያው ፓነል በየቤቱ ባትሪ ያጠራቀመውን ሁሉ፣ ኃይሉን በሚቆጥረው ኢንቨርተር በኩል ይሰበስብና ለሰፈሩ ያካፍላል፤ መጀመሪያ ለታመመ ሰው፣ ቀጥሎ ለመብራት። ፍሪጅማ በየቤቱ የልብስ ማስቀመጫ ሆኗል።

የስንዱ ፍሪጅ ግን ይሠራል። ባሏ ሁለት ፓነል ከኢንቨርተሩ ውጭ፣ ለፍሪጁ ብቻ ካስቀመጠው ሌላ ባትሪ ጋር በድብቅ ቀጥሎላታል። ኢንቨርተሩ በእሱ በኩል ያላለፈውን አይቆጥርም፤ ያልተቆጠረውን ደግሞ መስመሩ አይወስድም። «ይቺን ታህል ማንን ትጎዳለች?» ብሏት ነበር።

ትናንት ሌሊት የሰፈሩ ድርሻ ሳይነጋ አለቀና የጎረቤቷ የየሺመቤት ልጅ የኦክስጅን ማሽን ቆመ። ስንዱ ጩኸቱን ስትሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሄደች። እንባ ግን አልመጣላትም።

ቀትር ላይ የለቅሶው ድንኳን በሙቀት ሲፋጅ ሰው ሁሉ ውሃ ውሃ አለ። ስንዱ ሳታስበው እንደ ልማዷ ቤቷ ገብታ ከፍሪጁ ጀሪካን አወጣችና ታድል ጀመር። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ መኩሪያ አንዴ ተጎንጭተው ብርጭቆውን አዩት፤ ቀጥለው እሷን አዩ። በሰፈሩ ቀዝቃዛ ውሃ ያለው ቤት አልነበረም።

የሺመቤት ብርጭቆዋን ተቀበለች እንጂ አልጠጣችም፤ ጉንጯ ላይ አስደገፈችው።

«ጠዋት ስስመው» አለች፣ «ግንባሩ ልክ እንዲህ ነበር።»

ስንዱ ጀሪካኑን ከፍ አደረገች።

«ልጨምርልሽ?» አለቻት።