የድሬሰሩ ሽንኩርት

ጎረቤቷ ጌጤ የአበባውን ጣሳ በሁለት እጇ ታቅፋ ወደ በሩ ስትራመድ ደመቀች መንገዷ ላይ ትቆማለች። የቆመችው ሳታስበው ነው።

የደመቀች ባል የታምሬ አርባ ነው። ዳሱ ውስጥ ቄሶቹ ማዕድ ላይ ናቸው። የታምሬ እናት ወይዘሮ ማናለብሽ ከሮቢት መጥተው ቤት ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠዋል። ሁሉም ከል ለብሷል። ይኸ አማሪሊስ የሚባለው አበባ ግን ቀን አይመርጥም፤ ዛሬ ጠዋት ፈነዳ፣ መለከት የሚያህሉ አራት ቀያይ አበቦች።

ታምሬ ድሬሰር ነበር፤ የክሊኒክ ጤና ረዳት። ስንቱን የቆቦ ሰው ከወባ አትርፎ እሱን ወባ ወሰደው። ሊታመም ሳምንት ሲቀረው፣ ሦስት ወር በደረቁ ያስተኛውን ሽንኩርት የሚመስል የአበባ ራስ በዘይት ጣሳ ተከለው፤ ግማሹን ከአፈር በላይ አድርጎ። ጎረቤቱ ሁሉ «የድሬሰሩ ሽንኩርት» እያለ ይስቅበት ነበር።

ደመቀች በቀብሩ ቀን አላለቀሰችም፤ እስከ ዛሬም አላለቀሰችም። ሰው እንደሚያማት ታውቃለች፣ ግን ውስጧ ደንዝዟል። እርግጠኛ የሆነችው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጣሳው ከዚህ ቤት ከወጣ ታምሬ ለሁለተኛ ጊዜ ወጣ ማለት ነው።

ጌጤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትለምናታለች። በሐዘን ቤት ቀይ ነውር ነው፣ አማትሽ አይተው ምን ይላሉ ትላታለች።

አማቷ ግን አይተዋል። «መልሽው እስቲ» ይላሉ።

ጌጤ ጣሳውን እንደነበረው መስኮቱ ላይ ታስቀምጠዋለች። ወይዘሮ ማናለብሽ ተነስተው አጠገቡ ይቆማሉ።

«ማነው የተከለው?»

«እሱ ነው፣ እማማ» ትላለች ደመቀች።

«ምነው ታዲያ እንዲህ ተንጋደደ?»

«የመስኮቱ ብርሃን እየሳበው ነው። አምና በየማለዳው የሚያዞረው እሱ ነበር። እኔ ውሃ ብቻ ነው የማጠጣው።»

ሴቶቹ ወይዘሮዋ በመስኮት ሊወረውሩት ነው ብለው ይጠብቃሉ። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ጣሳውን ያቅፉና ቀስ አድርገው ያዞሩታል። ለቤቱ ጀርባውን ሰጥቶ የነበረው አበባ ፊቱን ወደ ሐዘንተኞቹ ይመልሳል። ከዚያ ሄደው ቦታቸው ይቀመጣሉ።

ደመቀች እንባዋን ትጠብቃለች። አይመጣም። በአማቷ ጥቁር ነጠላ ላይ፣ ትከሻቸው አካባቢ፣ ከአበባው የረገፈ ቢጫ ብናኝ አለ። አራግፉት ልትላቸው አፏን ትከፍታለች፤ ከዚያ ትተወዋለች።