ሦስት ሳምንት ያልደረቀ ኮላ

በሩ ሲንኳኳ መጽሐፍ ጠራዡ የሚያነባቸውን ገጾች ቶሎ ብሎ ከክሩ ክምር ስር ሸጎጠና የኮላውን ብሩሽ አነሳ። በሃያ ስምንት ዓመት ሙያው ለጥገና የመጣለትን መጽሐፍ አንብቦ አያውቅም ነበር። «ልብስ ሰፊ የደንበኛውን ኮት ለብሶ ሽር ይላል እንዴ?» እያለ በሚያነቡ ጠራዦች ሲስቅ ነው የኖረው።

የገባችው የመጽሐፉ ባለቤት ልጅ ናት። ስትመላለስ ይህ ሦስተኛዋ ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ደረቀ?»

«አየሩ እኮ ነው ያስቸገረን፣ ልጄ። ኮላው እምቢ አለ።»

ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር። ኮላ የሚባል ነገር አልነካውም። ያንን ዘጠኝ መቶ ገጽ እንደገና ሊሰፋው አንድ ላይ የታጠፉትን ገጾች እጥፍ በእጥፍ ለያይቶ፣ የተጨማደደውን ሲያቃና ዓይኑ አንድ መስመር ላይ አረፈ፤ በቃ፣ እዚያው ቀለጠ። ከሰፋው እንደሚወሰድበት ስለገባው መርፌውን ሳያነሳ ሦስት ሳምንት አለፈ።

ልጅቷ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እንግዲህ ይተዉት። ሐኪሙ እማዬን ወደ ቤት ውሰዷት ብሎናል። በነቃች ቁጥር የምትጠይቀው ይህንኑ መጽሐፍ ነው፤ ግማሹ ላይ ስትደርስ ነው የተገነጠለባት። ምናልባት ገለጥ ገለጥ አድርገውት ከሆነ መጨረሻውን ይንገሩኝና ልንገራት።»

ጠራዡ ብሩሹን አስቀመጠ።

«አንድ ሰውዬ አለ… ቤቱን አጣጥፎ ኪሱ የሚከት። ደረጃ ሲወጣ ወንዙም አብሮት ይወጣል። ሚስቱ ደግሞ ሰዓት… አይ፣ ሰዓት እንኳ አይደለችም፣ ግን ትቆጥራለች…» ላብ አጠመቀው። ሲያነበው ምንም ያልጎደለው ነገር፣ ሲያወራው የእብድ ወሬ ሆነበት።

«ሙሉውን አንብበውታል» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። «ሁለቴ» አለ።

አልጮኸችበትም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን መሰብሰብ ጀመረች፤ እሱም ከክሩ ስር የሸጎጠውን አውጥቶ ሰጣት።

«የመጨረሻው የታለ?»

«ቤቴ ነው… ትራሴ ስር።» ይህን ሲል ፊቱ እንደ እሳት ነደደ።

«ይነሱ እንግዲህ፣ እሱን ይዘን እንሂድ። እርስዎ ያነቡላታል፤ እኔ ገና ሳልጀምረው አለቅሳለሁ።»

ጠራዡ ኮቱን ደረበ። ከሰበሰበችው ላይ የመካከሉን እጥፎች አንስቶ ደረቱ ላይ አቀፈና «ካቆመችበት እጀምርላታለሁ» አለ።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። «ጊዜው አይበቃንም፣ ጋሼ። የመጨረሻውን ብቻ።»

እጥፎቹን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። ከሁሉ የሚያምረው መካከሉ እንደሆነ ሊነግራት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።